የሕመምተኛ አምሳያ በነርሶች ትምህርት ታሪክ

በነርስነት ትምህርት ታሪክ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የጀማሪ ተማሪ ስሕተት በማን ገላ ላይ ይውደቅ የሚለው ነው። በስደት ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚህ ሙያ የተሰማሩ በመሆናቸው፣ ጥያቄው በአሜሪካ እንዴት እንደተመለሰ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር እንሞክራለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ20ኛው ምእት ዓመት መባቻ የነርስ ተማሪዎች ሙያውን የሚቀስሙት በሆስፒታል እያገለገሉ ስለነበር፣ የልምምዱ ዕዳ በሕመምተኛው ላይ ያርፍ ነበር። በ1911 በኮኔቲከት የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ፣ አሻንጉሊት ሠሪዋ ማርታ ጄንኪንስ ቼስ ያዘጋጁትን በአዋቂ ሰው ቁመት የተሠራ አምሳያ ተረከበ። ተማሪዎች «ሚስዝ ቼስ» በተባለው በዚህ አምሳያ ሕመምተኛን ማገላበጥና ማልበስ ተለማመዱ፤ በኋላም መርፌ የሚወጋበት ቦታ ተጨመረለት።

አምሳያው ግን አይናገርም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ በ1963 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ጤነኛ ሰው እንደ ሕመምተኛ ሆኖ ለተማሪዎች እንዲቀርብ አሠለጠኑ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ መጨረሻ በኮምፒውተር የሚመራ፣ የሚተነፍስና ለመድኃኒት ምላሽ የሚሰጥ «ሲም ዋን» የተባለ አምሳያ ለማደንዘዣ ትምህርት ተሠራ።

በዚሁ ዘመን፣ በ1965፣ ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርትን ጀመሩ። ነርስ ፕራክቲሽነር ሕመምተኛውን መርምራ በሽታውን የምትለይ፣ መድኃኒትም የምታዝ ናት። ስለዚህ የሚያስፈልጋት የእጅ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የፍርድ ብስለት ጭምር ሆነ።

ልዩነቱ በኋለኛው ዘመን ጎልቶ ታይቷል። በ2014 የወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ ጥናት፣ በመሠረታዊ ነርስነት ትምህርት እስከ ግማሽ የሚደርሰው የሆስፒታል ልምምድ በጥሩ አምሳያ ልምምድ ቢተካ በውጤቱ ላይ ጉልህ ልዩነት እንደማያመጣ አሳየ። በ2022 የወጣው የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት መመዘኛ ግን፣ ከሕመምተኛ ጋር በቀጥታ የሚውለውን ዝቅተኛ ጊዜ ከ500 ወደ 750 ሰዓት ከፍ አድርጎ፣ የአምሳያው ልምምድ በዚያ ውስጥ እንዳይቆጠር ደነገገ።

ይህ ውሳኔ ለተማሪው ቀላል አይደለም፤ የልምምድ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ሲሆን፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚማረው ስደተኛ ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ነው። ደግሞም ብርቱ ደም መፍሰስን የመሰለ ድንገተኛ አደጋ ተማሪው ተረኛ በሆነበት ሰዓት ላያጋጥም ይችላል፤ ለዚህ አምሳያው ወደር የለውም። ሆኖም ሕመሙን በኀፍረት የሚሸሽግ ወይም በሰው ቋንቋ መግለጽ ያቃተው ሕመምተኛ የሚያስተምረውን ትምህርት ማሽን ሊሰጥ አይችልም።

በእኛ አስተያየት አምሳያው ለሕመምተኛው መቅድም እንጂ ምትክ አይደለም። የመጀመሪያው ስሕተት በማይታመመው ገላ ላይ ይውደቅ፤ የመጨረሻው ትምህርት ግን ከሚታመመው ሰው አልጋ አጠገብ ይፈጸም እንላለን።