ዋልካ የፈረደበት ጎማ

ስሙኝማ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጎማ ነው። ጎማ ደግሞ ምን ወሬ ይሆናል የሚል ካለ፣ ክረምት ላይ በቾ ሜዳ ውስጥ መኪና ነድቶ አያውቅም።

በሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ። ቤታቸው ጀሞ ነው፣ ሥራቸው በቾ፤ ዘርና ማዳበሪያ ገበሬው እጅ መግባቱን ይከታተላሉ። ማለዳ ደብል ጋቢና ፒካፓቸውን ያስነሱና ዓለም ገናን፣ ሰበታን፣ ተጂን አልፈው ቱሉ ቦሎ ሳይደርሱ ከጅማው አስፋልት ወደ ጠጠሩ ይገነጠላሉ። ጠጠሩ ሲያልቅ ዋልካው ይጀምራል። ማታ በዚያው ተመልሰው ይገባሉ። ያቺው መኪና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች፣ ሰርግ ታጅባለች፣ ጎረቤት ቤት ሲቀይር ሶፋ ትጭናለች። መኪናዋ አንድ፣ መንገዷ ሦስት። እንግዲህ ለሦስቱም የሚሆን አንድ ጎማ ከየት ይምጣ?

ሻጮቹ «አለ» ይላሉ። ኦል ቴሬይን፣ ባጭሩ ኤቲ የሚሉት ነው። ጥርሱ ከአስፋልቱ ጎማ ገዘፍ፣ ቦዩ ጠለቅ ያለ ነው፤ ኤምቲ ከሚባለው ከጭቃው ጎማ ጋር ሲተያይ ደግሞ ጨዋ ነው። ቢኤፍ ጉድሪች እ.ኤ.አ. በ1976 የራሱን ካወጣ ወዲህ ስንቱ ፋብሪካ ተከትሎታል፤ ዛሬ ሂሉክስ ያለበት አገር ሁሉ ኤቲም አለ።

የጋሼ የአስፋልት ጎማ ሊሾ ሆኖ ሲያልቅ ሶማሌ ተራ ወረዱ። ጊዜው 2017 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀልጣፋ ልጅ ጎማ አንከባሎ አመጣላቸው።

«የዘንድሮ ነው ጋሼ! ይኸው ይመልከቱት፣ 17 ይላል።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው አጎነበሱ። የጎማው ጎን ላይ 1217 ተጽፏል። የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበት ሳምንት ናቸው፤ የኋለኞቹ ዓመቱ። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው! የፈረንጆቹ 2017 አሥራ ሁለተኛ ሳምንት በእኛ መጋቢት 2009 ላይ ይውላል።

«ልጄ፣ ይሄ ጎማ እኮ ትምህርት ቤት ገብቷል» አሉት።

ልጁ ሳቀና ሌላ ሊያመጣ ሄደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ፤ ጎማ አስፋልት ሳይነካ፣ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ጥርሱ ሙሉ ነው ብሎ መግዛት ብቻውን አያዋጣም።

ሁለተኛው ጎማ ዕድሜው ደህና ሆነ። መጠኑ 265/65 አር 17፣ ከጎኑ 112 ኤስ ይላል። 112 አንዱ ጎማ እስከ 1120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ኤስ ደግሞ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር። ማዳበሪያ ለሚጭን ሰው ከጥርሱ ቅርጽ በፊት የሚነበበው ይሄ ቁጥር ነው። ልጁ አሁንም አልተኛም። «265/70ው ይሻልዎታል፣ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል» አለ። ጋሼ አልፈለጉም። የጎረቤታቸው ልጅ እሱን አስገብቶ «ነዳጅ በላብኝ» እያለ ሲያማርር ከርሟልና። የጎረቤቱ ልጅ ጎማ ቁመት ከ776 ሚሊ ሜትር ወደ 803 ገደማ አድጓል፤ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናዋ 103 ትሄዳለች፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በየመቶው ሦስቱን ሳይቆጥር ያልፋል። ከባድ ጎማ ነዳጅ መጨመሩ እውነት ነው፤ ልጁ ከከሰሰው ግን ከፊሉ የቆጣሪው ጥፋት ነበር።

265/65ቱ ኤቲ ታሰረ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «እንዴት ነው?» ይላል። ጋሼ መልስ የላቸውም። እኔ የወደድኩላቸው ይሄንን ነው። ሌላው ሰው ሊሾ ጎማ አውልቆ አዲስ ባሰረ ማግስት «ወይ ኤቲ! ኮረብታ ያስወጣል!» ይላል። ከሊሾ ጋር ከተወዳደረማ የትኛው አዲስ ጎማ ይሸነፋል? ጋሼ ተመሳሳይ ፒካፕ የሚነዳ የሥራ ባልደረባቸውን ለመኑ፤ የእሱ የአስፋልት ጎማ ገና አዲስ ነው። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዝናብ፣ አንዳንዴም መኪና እየተቀያየሩ ይነዱ ጀመር።

አስፋልቱ ላይ ኤቲው ተሸነፈ፣ ይኸው ነው። ሰማንያ ላይ ሲደርሱ ከሩቅ እንደሚሰማ የወፍጮ ቤት ድምፅ ያጉረመርማል። ዝናብ ሲጥልና ፊት ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ሲቆም ደግሞ የባልደረባው መኪና ቀድማ ትቆማለች። ቦዩ የሰፋ ጎማ አስፋልቱን የሚነካበት ላስቲክ ያነሰ ነው፣ ረጃጅም ጥርሶቹም ፍሬን ሲያዝ ይወዛወዛሉ። ጋሼ ርቀት ጠብቀው መንዳት ለመዱ።

ጠጠሩ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያ መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ድንጋዩ አፍ አለው። የባልደረባው ጎማ ጎኑ ላይ ተቆረጠ። ጎሚስታው አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። የታችኛው ፊት በሚስማር ቢበሳ ይለጠፋል፤ ጎን ከተቆረጠ ጎማው አበቃለት። ባልደረባው ስኮርታውን አስሮ፣ ያለ መጠባበቂያ እየተሳቀቀ ቤቱ ገባ። የጋሼ ጎማ ጎኑ ወፍራም ነው፤ ተጫረ እንጂ አልተቆረጠም። በጥርሶቹ መሐል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎችም የተሰነቀረውን ጠጠር እየገፉ ያወጣሉ። ማታ ማታ ጠጠር በካቻቢቴ መልቀም ቀረላቸው።

ያስቸገራቸው ንፋሱ ነበር። ጎሚስታው ስንት ልሙላ ሳይል አርባ ፒኤስአይ ይሞላል፤ ጭነት የሌላት ፒካፕ ደግሞ በአርባ ኮረኮንች ላይ ከኋላ ትዘላለች፣ ባሌስትራው ይጮኻል። «ጎማው ደረቅ ነው» ሊሉ ሲሉ በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን ወረቀት አነበቡ። ለባዶ አንድ ልክ፣ ለጭነት ሌላ ልክ አለው። ከዚያ ወዲህ ማለዳ፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ በራሳቸው መለኪያ ይለካሉ፤ ሙቀት አምስት ስድስት ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ንፋሱም አንድ ፒኤስአይ ያህል ይወጣልና፣ ሮጦ የሞቀ ጎማ እውነቱን አይናገርም።

አሁን ወደ ዋልካው እንምጣ።

የበቾ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ እግር ያስገባል። ክረምት ሲገባ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላቁጣል። ጤፉ የሚወደው መሬት ነው፤ ጎማ አይወደውም። ሐምሌ ላይ ጋሼ ፎር ዊሉን አስገብተው በልበ ሙሉነት ገቡበት። ትንሽ እንደሄዱ ጭቃው ጎማው ላይ ተለጠፈ፣ ቦዩን ሞላው፣ አልረግፍም አለ። ቦዩ ከሞላ ጥርስ የት አለ? ያ ሁሉ ብር የወጣበት ኤቲ ሊሾ ሆነ። የመኪናዋ ኋላ ወደ መንገዱ ዳር መንሸራተት ጀመረ፤ መሪውን ቢያዞሩት መኪናዋ አትሰማም። ደግነቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው የነበሩ ገበሬዎች ደረሱላቸውና ከኋላ ገፍተው አወጧት።

ኤምቲውስ? ቦዩ ሰፊ ስለሆነ ሲሽከረከር ጭቃውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል፤ ግን በፍጥነት መሽከርከር አለበት፣ አስፋልት ላይ ደግሞ ጩኸቱም ዋጋውም ይብሳል። ለዚያች ጥቂት ኪሎ ሜትር ዋልካ ብለው አስፋልቱን ሙሉ ሊሰቃዩበት አልፈለጉም። አሁን ክረምት ላይ መኪናዋን ጠጠሩ ጫፍ አቁመው፣ ቦቲ ጫማ አጥልቀው በእግራቸው ይገባሉ። ኤቲውን ግን አላወለቁም። በየቀኑ ጎማ የሚበላባቸው ጠጠሩ ነው።

ቆየት ብሎ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም መጣ። ፒካፕ ገዝቷል፣ የባንክ ሠራተኛ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሰሩትን ላስር ይሆን?»

«የት የት ትነዳለህ?»

«ከሲኤምሲ ስታዲየም። ቅዳሜ አዳማ።»

«በክፍያ መንገዱ?»

«በክፍያ መንገዱ።»

«እንግዲያማ የአስፋልቱን ግዛ፤ ጆሮህም ፍሬንህም ይተርፍልሃል።»

እሺ ብሎ ሄደ። በሳምንቱ መጣ፤ አራቱም ጎማ ኤቲ፣ ያውም ነጩ ጽሑፍ ወደ ውጭ ዞሮ።

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ቁመና ሰጣት እኮ!»

ጋሼ ዙሪያዋን ዞሩ፤ አንዱን ጎማ በእግራቸው ነካ አደረጉት።

«መቼም ገዝተኸዋል። ንፋሱን ግን ጎሚስታው እንደሞላው አትተወው።»