አርግዞ ወላድነት፦ የዓሣ እርግዝና ከየት መጣ?

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት «ቪቪፓሪቲ» የሚሉትን ቃል እዚህ «አርግዞ ወላድነት» ብዬዋለሁ። ሽል በወላጁ አካል ውስጥ አድጎ፣ ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ ሲችል መወለዱ ማለት ነው። ተቃራኒው «እንቁላል ጣይነት» ነው።

«ወላድነት» ብቻውን አይበቃም። ወላድ በአማርኛችን የመካን ተቃራኒ ስለሆነ፣ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል የምትጥል ዓሣም በዚህ አገባቡ ወላድ ናት። ላቲኑን ተከትሎ «ሕያው መውለድ» ማለትም አያስኬድም፤ የዳበረ እንቁላልም ሕያው ነውና። ልዩነቱን የሚፈጥረው እርግዝናው ስለሆነ፣ እንደ «አርሶ አደር» እና «አርብቶ አደር» ሁሉ «አርግዞ ወላድ» ብንል አንባቢ ሳይደናገር ይረዳዋል። የዘረመል ተመራማሪዎችም ጥያቄ እዚያው ላይ ነው፦ እንቁላል ለመጣል የተሠራ አካል እርግዝናን ከየት አገኘው?

በገበታችን የምናውቃቸው ቆሮሶና አምባዛ እንቁላል ጣዮች ናቸው። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ይሁንና እንቁላሉ ወደ አፏ የሚገባው አንዴ ከአካሏ ከወጣ በኋላ በመሆኑ እርግዝና ልንለው አንችልም። ለጥያቄው የሚቀርቡት የአገራችን ዓሦች ገበያ የማይወጡ፣ ጣት የማያህሉ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዓሣ ተመራማሪ አበበ ጌታሁን ከኬኔት ላዛራ ጋር ሆነው፣ በአፋር ጨዋማው የአፍዴራ ሐይቅ የሚኖር አንድ ትንሽ ዓሣ ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳውቀዋል። የዚሁ ዓሣ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ዝርያ በአሰብ ከተማ የወባ ትንኝ እጭ እንዲበላ ተሞክሮ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል። ሁለቱም እንቁላል ይጥላሉ።

የሚያስደንቀው ዝምድናቸው ነው። በመስታወት ገንዳ የሚያረቧት ጉፒ፣ ለትንኝ መከላከያ ተብላ ከአሜሪካ ወደ ብዙ አገሮች የተወሰደችውና ኢትዮጵያም የገባችው ጋምቡዚያ፣ በሜክሲኮ ወንዞች የሚኖሩት ጉዴይዶች፣ ሁሉም ከአፍዴራው ዓሣ ጋር በአንድ ክፍለ መደብ የሚመደቡ ናቸው። ጉፒና ጋምቡዚያ ግን አርግዘው ይወልዳሉ፤ ከጉዴይዶችም አብዛኞቹ እንደዚሁ። አንዱ ዘመድ የሚጥል፣ ሌላው የሚወልድ ሲሆን የሁለቱን ጂኖም ጎን ለጎን አስቀምጦ የተለወጠውን መፈለግ ይቻላል።

አርግዞ ወላድነት በራሱ ሁለት ዓይነት ነው። እናት ሁሉንም ምግብ በአስኳል አሽጋ ለሽሉ አስቀድማ ከሰጠችው «በስንቅ ማደግ»፣ በእርግዝናው ጊዜ በየዕለቱ የምትመግበው ከሆነ ደግሞ «በቀለብ ማደግ» እንበለው። ጉፒ በአመዛኙ የስንቅ ወገን ናት። ፖኢሲሊዮፕሲስ በሚባሉት ዘመዶቿ ዘንድ ግን የቀለብ መስጫው አካል፣ ማለትም እንግዴ ልጅ፣ በአንድ ወገን ውስጥ ብቻ ሦስት ጊዜ ራሱን ችሎ ተፈጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪው ዴቪድ ሬዝኒክና ባልደረቦቹ ይህ በ750,000 ዓመት ወይም ባነሰ ጊዜ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ውስብስብ አካል በዚህ ፍጥነት ከባዶ ይነሣል ብሎ ማመን ይከብዳል፤ አካሉ የነበረውን ጂን ለአዲስ ሥራ አሰማርቶት መሆን አለበት።

ለዚህ ከሁሉ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ቪቴሎጀኒን ነው። ይህ ፕሮቲን በእናት ጉበት ተሠርቶ በደም ወደ እንቁላሉ ይሄድና አስኳል ይሆናል፤ የእንቁላል ጣይነት ዋና መሣሪያ ማለት ይቻላል። እኛ አጥቢዎች በእርግዝናና በወተት ስለተካነው ጂኑ በሰው ጂኖም ውስጥ ፍርስራሹ ብቻ ቀርቷል። የጉዴይዶቹ መንገድ ሌላ ነው። ሽላቸው ከአንጀቱ ጫፍ ጥብጣብ የመሰለ አካል አውጥቶ ከእናቱ ይመገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በአንዷ የጉዴይድ ዝርያ፣ በዚያ ጥብጣብ በኩል የሚገባው ምግብ ያው ቪቴሎጀኒን መሆኑን አሳዩ። የስንቁ ፕሮቲን የቀለብ ፕሮቲን ሆኗል ማለት ነው።

ቀለብ ሲጀመር ጠብም ይጀመራል። ሽሉ ብዙ ቢወስድ ይጠቅመዋል፤ እናት ግን ለሌሎቹ ሽሎችና ለራሷም ማትረፍ አለባት። እድገትን የሚያፋጥነው አይጂኤፍ 2 የተባለ ጂን እንግዴ ልጅ ባላቸው የጉፒ ዘመዶች ዘንድ ጠንካራ የተፈጥሮ ምርጫ ምልክት እንደሚታይበት እ.ኤ.አ. በ2007 ታውቋል። ተመራማሪዎቹም ምክንያቱን በዚሁ ሽሚያ ይተረጉሙታል።

መንገዱ አንድ አይደለም። አርግዞ ወላድነት በጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ከ150 ጊዜ በላይ፣ በዓሣ ብቻ ከ20 ጊዜ በላይ ለየብቻው እንደተነሣ ይገመታል። በአውስትራሊያ የተገኘች፣ ወደ 380 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋት ቅሪተ ዓሣ ሆዷ ውስጥ ሽልና እትብት ይዛ ደንጊያ ሆናለች። ከሻርኮችም ብዙዎቹ አርግዘው ይወልዳሉ።

በባሕር ፈረስና በዘመዶቹ ዘንድ የሚያረግዘው አባት ነው፤ የባሕር ፈረስ አባት ሽሎቹን በአካሉ ላይ ባለ ከረጢት ይይዛል። ሽል ግማሹ ከሌላ ወገን ስለመጣ፣ የአርጋዡ ወላጅ የበሽታ መከላከያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃው ይችላል። በእነዚህ ዓሦች ጂኖም ላይ የተደረገ የ2020 እ.ኤ.አ. ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአንዳንዶቹ ዘንድ ባዕድን ለመለየት ከሚያገለግሉት ቁልፍ ጂኖች የተወሰኑት ጨርሶ ጠፍተዋል፤ ሽሉ ሳይጠቃ ከረጢቱ ውስጥ እንዲቆይ የረዳው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።