ከቬርተር እስከ ተማሪዎች ፊልም፤ ራስን ማጥፋትን የመከላከል ትምህርት አጭር ታሪክ

ስለ ራስን ማጥፋት በአደባባይ መናገር ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ ሐኪሞችንና ደራስያንን ማከራከር ከጀመረ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሆኖታል። በአንዳንድ አገሮች ተማሪዎች ራሳቸው ካሜራ ይዘው ስለ አእምሮ ጤና አጫጭር ፊልሞች መሥራት የቻሉት ለጥያቄው ቀስ በቀስ መልስ በመገኘቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 ዓ.ም. ብቻ 727,000 ያህል ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት በሆኑት ዘንድ ደግሞ ይህ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የክርክሩ መነሻ በ1774 የታተመው የጀርመናዊው ደራሲ የጎተ ልቦለድ ነው። ባለታሪኩ ወጣት ቬርተር በፍቅር ተስፋ ቆርጦ ሕይወቱን ያጠፋል። ወጣቶች አርአያውን ይከተላሉ የሚል ሥጋት በመፈጠሩ መጽሐፉ በ1775 በላይፕሲግ ከተማ ታገደ። ከሁለት ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ፊሊፕስ ጋዜጦች እንዲህ ያለውን ሞት በጉልህ በዘገቡ ማግስት ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር እንደሚጨምር አሳየ። ክስተቱንም «የቬርተር ውጤት» ሲል ሰየመው።

ችግሩ በጽሑፍ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1981 በምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን ስለ አንድ ተማሪ ሞት የሚተርክ ባለ ስድስት ክፍል ድራማ ታየ፤ በ1982ም ተደገመ። የሞቱ ትዕይንት በየክፍሉ ይመላለስ ነበር። ሽሚትከና ሄፍነር የተባሉት ተመራማሪዎች በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ከድራማው በኋላ በተመሳሳይ መንገድ የሞቱት ሰዎች ቁጥር እንደጨመረና ጭማሪውም በዕድሜና በፆታ ባለታሪኩን በሚመስሉ ወጣት ወንዶች ላይ ጎልቶ እንደታየ ገለጹ።

ይህ ማስረጃ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዝምታን የሚያስመርጥ ነበር። ሆኖም የቪየና ከተማ ተሞክሮ ሌላ መንገድ አመለከተ። በ1987 የኦስትሪያ ባለሙያዎች ለጋዜጠኞች የአዘጋገብ መመሪያ አቀረቡ፤ ጋዜጦቹም ዝርዝሩንና ጩኸቱን ተዉ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር የሚደርሰው የዚህ ዓይነት ሞት ከ75 በመቶ በላይ ቀነሰ። በ2010 ደግሞ ኒደርክሮተንታለርና ባልደረቦቹ የኦስትሪያ ጋዜጦችን መርምረው፣ ሰዎች የሞትን ሐሳብ እንዴት ተቋቁመው እንዳለፉ የሚተርኩ ዘገባዎች ከሞት መቀነስ ጋር እንደሚያያዙ አረጋገጡ። ይህንንም «የፓፓጌኖ ውጤት» አሉት። ፓፓጌኖ በ1791 የቀረበው የሞዛርት ኦፔራ ባለታሪክ ሲሆን፣ ሕይወቱን ሊያጠፋ በተነሣበት ሰዓት ሌላ መንገድ እንዳለው ያስታወሱት ሦስት ልጆች ናቸው።

ልጆችን ለልጆች መልእክተኛ ማድረግ በሰፊው ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት ነው። በግዛቲቱ በ2004 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ገቢ ላይ የአንድ በመቶ ተጨማሪ ግብር ጥሎ ለአእምሮ ጤና አገልግሎት ገንዘብ አስገኘ። በዚህ ገንዘብ ከተደገፉት የመከላከል ሥራዎች መካከል «ዳይሬክቲንግ ቼንጅ» የተባለው የወጣቶች የፊልም ውድድር ይገኝበታል። ውድድሩ ከ2012 እስከ 2013 ባለው ጊዜ የተጀመረ ሲሆን፣ ተሳታፊዎች የአንድ ደቂቃ ፊልም ሠርተው ያቀርባሉ።

የውድድሩ ፋይዳ ከሽልማቱ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው። ተማሪው ካሜራ ከማንሣቱ በፊት የአደጋ ምልክቶችን ይማራል፤ ከተጨነቀ ጓደኛ ጋር እንዴት መነጋገር እንደሚገባ ያጠናል፤ እርዳታ የሚገኝበትንም ቦታ ይለያል። ፊልሞቹን የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችና የፊልም ባለሙያዎች ይዳኛሉ። የአሟሟት መንገድን የሚያሳይ ፊልም ጥበቡ ምንም ያህል ቢያምር ከውድድር ይወጣል። ስለዚህ ደንቡ ራሱ ትምህርት ሆኖ ያገለግላል።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ሲጓደል ምን እንደሚከተል የ2017ቱ «ሠርቲን ሪዝንስ ዋይ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ አሳይቷል። በ2019 የታተመ ጥናት ድራማው ከተለቀቀ በኋላ በነበረው ወር ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 17 ዓመት የሆኑ አሜሪካውያን ሞት በ28.9 በመቶ መጨመሩን ዘግቧል። ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን ቢከራከሩበትም ኔትፍሊክስ የሞቱን ትዕይንት በሐምሌ 2019 ቆርጦ አወጣው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ለፊልምና ለመድረክ ባለሙያዎች የሚሆን መመሪያ አሳተመ።

በአገራችንም በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት የፀረ ኤድስና የሚኒ ሚዲያ ክበባት በድራማ ጤናን ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ዛሬ በርካታ ተማሪዎች ካሜራ ያለው ስልክ ስለያዙ፣ ነገ ስለ አእምሮ ጤና ፊልም እንሥራ ብለው ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጡ የሚያስገርም አይሆንም። ያን ጊዜ ባለሙያው ሦስት ነገሮችን እንዲያስተውል ይገባል። አንደኛ፣ ፊልሙ የአሟሟትን መንገድና ቦታ ማሳየት የለበትም፤ ሞትንም እንደ መፍትሔ ወይም እንደ በቀል ሊያቀርብ አይገባም። ሁለተኛ፣ ባለታሪኩ ችግሩን ለሰው ሲናገር፣ ሲደመጥና ሲታከም ይታይ። ሰውን «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክልበት የታወቀ ስለሆነ፣ ይህን ጥያቄ በፊልሙ ማስገባት ይቻላል። ሦስተኛ፣ በፊልሙ መጨረሻ የሚጠቀሰው የእርዳታ ቦታ በእርግጥ የሚሠራ ይሁን።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ፊልም ሕክምናን አይተካም፤ የሚችለው ወደ ሕክምናው በር ማድረስ ነው። ፊልሙን ተመልክቶ ድፍረት ያገኘ ወጣት ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ የሚያዳምጠው ካጣ፣ የዝምታው ሸክም ከቀድሞው ይብስበታል። ስለዚህ ፊልሙ ለተመልካች ከመቅረቡ አስቀድሞ ተቀባዩ የጤና ባለሙያ ሊዘጋጅ ይገባል።