ማን ወደ ማን ይሂድ? ከቆሎ ተማሪ እስከ ቴሌግራም

"የኦንላይን ትምህርት" ሲባል ብዙዎቻችን ከኮሮና ጋር የመጣ ነገር ይመስለናል። ጥያቄው ግን የቆየ ነው። የሀገራችንን የትምህርት ታሪክ "ማን ወደ ማን ይሄዳል?" ብላችሁ ብታነቡት ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል።

ለብዙ መቶ ዓመታት የሚሄደው ተማሪው ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ይርቃል። ለቅኔ አንድ ደብር፣ ለዜማ ሌላ ደብር፣ ድጓ ለማስመስከር ደግሞ ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ። ዕውቀት ያለው የኔታ ያሉበት ቦታ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው፤ ከተማው ከተራራው ወርዶ አዲስ አበባ ከሆነ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርቱ ተቀየረ፣ አካሄዱ ግን ያው ነበር፦ መማር የፈለገ ይምጣ። መምጣት ያልቻለስ? ቀረ፤ በቃ።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን ገለበጠው። አሁን የሚሄደው አስተማሪው ሆነ። ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠርና ወደ ቀበሌ ዘመቱ፤ ጎልማሶች፣ እናቶች፣ ሽማግሌዎች ፊደል ቆጠሩ። ትምህርቱ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ዘመቻውን የመራው መንግሥት በቀይ ሽብር እጁ የጨቀየ መሆኑ አይረሳም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ታየ፦ ለመማር ዕድሜ አያልፍም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነበር። ፊደል የለዩ ብዙ ሰዎች የሚያነቡት አጡና የተማሩትን ረሱት።

ቀጥሎ የሄደው ድምፅና ምስል ነው። ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ገባ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ "ፕላዝማ" መጣ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት። የኔ ትውልድ በደንብ ያውቀዋል። ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው፦ ቤተ ሙከራ ያልነበረው የገጠር ትምህርት ቤት ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ አየ። ጉድለቱም ግልጽ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ይፈጥናል፣ እጅ አውጥተህ "አልገባኝም" ብትለው አይሰማህም። መብራት ከጠፋማ የዕለቱ ትምህርት አለቀ።

እንደ ሶፍትዌር ሠሪ ሳየው የፕላዝማና የኦንላይን ልዩነት አንድ ቁልፍ ላይ ነው፦ "አቁም" የሚለው ላይ። ፕላዝማ አይቆምም። ቪዲዮ ግን ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ሌሊት ይከፈታል። ቀን የሚሠራ ሰው፣ ልጅ የምታሳድግ እናት፣ በ50 ዓመቱ ኮምፒውተር መልመድ የፈለገ አባት ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ሳያፍር ይማራል። እኔም ዛሬ የምተዳደርበትን ሥራ ዲግሪዬ ላይ ጨምሬ የለመድኩት በዚሁ መንገድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው "5 ሚሊዮን ኮደሮች" ፕሮግራምም የቆመው እዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፦ ክፍያ የለም፣ ኢንተርኔት ያለው ሰው ካለበት ሆኖ ይማራል።

"ኢንተርኔት ያለው" የምትለዋ ቃል ላይ ግን እንቁም። 2012 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ታኅሣሥ 10 ቀን ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አመጠቀች፤ መረጃዋን ይቀበል የነበረው ጣቢያ ያለው እንጦጦ አናት ላይ፣ ከቴሌስኮፖቹ ጎን ነው። ሳተላይቷ ምድርን ለመቃኘት እንጂ ለትምህርት አልተላከችም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ። ተማሪዎች በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ተማሩ ተባለ። ተራራው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለች ሳተላይት መረጃ ይቀበል ነበር፤ ከዚያው ተራራ እንጨት ተሸክማ ሽሮ ሜዳ የምትወርድ እናት ልጅ ግን ስልክ ከሌለው ከትምህርት ውጭ ነበር።

ሰኔ 23 ቀን ደግሞ፣ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋረጠ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ትምህርት ቤት ዝግ፣ መስመሩም ዝግ። ከዚያ ወዲህ ትግራይ ለረጅም ጊዜ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ኔትወርክ አጥተዋል። የቆሎ ተማሪ መንገድ ቢዘጋበት በሌላ ይዞራል። የኦንላይን ተማሪ ግን መዞሪያ የለውም።

ስለዚህ ታሪኩ የሚያስተምረን "ኦንላይን ይቅር" የሚል አይደለም። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ለሕፃንም ለሽማግሌም። የሚያስተምረን አሠራሩን ነው። ከዘመቻው፦ ትምህርት በሰው ቋንቋ ይሁን፣ ከተማሩ በኋላም የሚነበብ ነገር ይኑር። ከፕላዝማ፦ ተማሪው "አልገባኝም" የሚልበት መንገድ ይኑረው። ከ2012፦ ትምህርቱ አንዴ ወርዶ ያለ ኔትወርክ የሚከፈት፣ ፋይሉ ትንሽ፣ በርካሽ ስልክ የሚሠራ ይሁን። መተግበሪያ የምንሠራ ልጆች ይህን ማድረግ እንችላለን፤ ፈቃድም ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። መስመሩን አለመዝጋት ግን የኛ ሥራ አይደለም፤ እሱን መጠየቅ ያለብን መንግሥትን ነው። ትምህርት ቤት መዝጋት የሚያስቆጣን ከሆነ፣ ኢንተርኔት መዝጋትም እኩል ሊያስቆጣን ይገባል። ለብዙ ሰው ያለው ትምህርት ቤት እሱ ብቻ ነውና።