ቀጥቃጩና ላሜራው

በ1900 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአዲስ አበባ ተገጣጠሙ። ቤዴ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተሰኘችውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ በረሃ አሻግሮ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱን በየምዕራፋቸው ለያይተው ያስቀምጧቸዋል፤ እኔ ግን አብረው ቢነበቡ እመርጣለሁ። ማረሻና ማጭድ እየሠራ «ቡዳ» ሲባል የኖረው ቀጥቃጭ፣ መኪና በበዛበት ከተማ እጁ የሚፈለግ ሰው ሆኗልና።

ሙያው የዛሬ ስሙን ያገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ፋሺስት ኢጣሊያ የጭነት መኪና በብዛት ያስገባው ጦሩን ለመቀለብ ነበር። ወራሪው ተባረረ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ። ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ የዚያ ቅሪት ናቸው። ባትላሜራም ትርጉሙ «ላሜራ መቺ» ነው፤ አባቶቻችን ቀጥቃጭ ይሉት የነበረው መሆኑ ነው። በባዕድ ቋንቋ ሲጠራ ስድብነቱ መጥፋቱ የሚያስገርም ነው!

ከዚያ ወዲህ በእጁ ካለፉት መኪናዎች ሁሉ ቮልስዋገኗ ለባትላሜራው ቸር ናት። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በቡሎን ስለታሰሩ በቁልፍ ተፈትተው በሌላ ይተካሉ፤ ወለሏም ከላይኛው ቦዲ ጋር የተያያዘው በቡሎን ነው። ደካማ ጎኗ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ባትሪዋ እዚያ ስለሚቀመጥ የሚንጠባጠበው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ላዳ ሌላ ፍጥረት ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 ከቶሊያቲ ፋብሪካ መውጣት የጀመረችው ይህች የፊያት 124 እኅት፣ ለሶቪየት መንገድ ሲባል በወፈረ ላሜራ ብትሠራም፣ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። አጥንቷ ቦዲዋ ነው። ከበሮቿ ሥር ያለው ደፍ ሲዝግ የመኪናዋ ጥንካሬ አብሮ ይሄዳል።

በሰሜን አውሮፓ መኪናን የሚፈጀው በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ የሚበተነው ጨው ነው። የእኛ ጠላት የክረምት ጭቃ ነው፤ ከጎማው በላይ ባለው ጎድጓዳ ተጠቅጥቆ እርጥበቱን አምቆ ይከርማል።

በግቢ ውስጥ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ባትሪውን ይፈታል፣ የቤንዚን ታንኩን ያወርዳል፣ ወንበሩንና ምንጣፉን ያወጣል። ከዚያ ዝገቱን ይቆርጣል። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፤ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋው ልብ ያሸብራል። በሳሳ ብረት ላይ የተበየደ ልጥፍ ግን ዕድሜ የለውም። የቀዳዳው ቅርጽ በካርቶን ይወሰድና ወደ ላሜራ ይገለበጣል፤ ላሜራው በአሸዋ ከረጢት ላይ እየተመታ ጎባጣነቱን ያገኛል። ብየዳው በአንድ ትንፋሽ አይሄድም። እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ ማዶ ሌላ ነጥብ፣ በመካከሉ ማቀዝቀዝ፤ አለዚያ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። ጸረ ዝገት ቀለም በውስጥም በውጭም ይቀባል። ስቱኮ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ያውም በስሱ።

ከከተማዋ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሳሪስ አቦ ይህ ጉዳይ ከትዝታ የዘለለ ነው። የ1186/2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ቀድሞ የገባችው መኪና በእጅ ተጠግና መኖር አለባት። ዋጋዋም ከፍ ባለ ቁጥር በስቱኮ ተደፍና፣ በቀለም ተሸፍና ለገበያ የምትወጣው ትበዛለች። ከደፉ ውስጥ ብረት ይኑር አይኑር ዓይን አያውቅም። ነገሩን የሚያውቅ ገዢ ጨርቅ የለበሰች ትንሽ ማግኔት በኪሱ ይዞ ይሄዳል። ከበሩ ሥር እየነካ ሲያልፍ ማግኔቷ ላሜራ ያለበትን ትይዛለች፤ ስቱኮ በወፈረበት ስትደርስ ትወድቃለች።