የፕሮሰሰርና የሶኬት መጣጣም፤ አጭር ታሪክ

በአዳማ ከተማ ሁለት የባቡር መስመሮች ይታወቃሉ። አሮጌው ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሲሆን፣ የሐዲዱ ስፋት 1,000 ሚሊሜትር ነው። አዲሱ በ2016 ተመረቀ፤ ስፋቱም 1,435 ሚሊሜትር ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። የአንደኛው ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ እንደማይችል ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ልዩነቱ በዐይን ይታያልና። ይሁን እንጂ ስፋቱ አንድ ቢሆንም እንኳ ነገሩ በዚያ አያበቃም። የአዲሱ መስመር የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ፣ ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ካልመጣለት፣ ልኩ በሆነው ሐዲድ ላይ ቆሞ ይቀራል።

የቤት ኮምፒዩተሩን ለማሻሻል የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ በሁለተኛው ነገር ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። ኤል.ጂ.ኤ. 775 የተባለ ሶኬት ላለው አሮጌ ማዘርቦርዴ፣ በዚሁ ሶኬት የሚገባ ያገለገለ ኮር 2 ኳድ ፕሮሰሰር ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ሻጩም እኔም የተመለከትነው ቁጥሩን ብቻ ነበር። ፕሮሰሰሩ ያለ አንዳች ግፊት ተቀመጠ፤ ማንሻው ተዘጋ፤ ማራገቢያውም ዞረ። ስክሪኑ ግን እንደ ጨለመ ቀረ። ለካስ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቺፕሴት 915 የሚባለው ኖሮ፣ ፕሮሰሰሩን ከቶ አያውቀውም።

ይህ ችግር ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ኢንቴል 486 የተባለውን ፕሮሰሰር በ1989 ሲያወጣ የሚሠራው በ5 ቮልት ነበር። ኋላ የመጣው ዲ.ኤክስ.4 ግን የሚፈልገው 3.3 ቮልት ብቻ ስለ ነበረ፣ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ እንዲሁ ቢሰኩት ሊቃጠል ይችል ነበር። እንግዲህ ቅርጽና ኤሌክትሪክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገና ከጧቱ የታወቀ ነበር። ያለ ግፊት የሚከፈትና የሚዘጋ ማንሻ ያለው ሶኬትም በዚሁ ዘመን እየተለመደ ሄደ። ባለቤቱ በገዛ እጁ ፕሮሰሰር መለወጥ የቻለው በዚህች ትንሽ ማንሻ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቀጥሎ የመጣው ሶኬት 7፣ 321 ቀዳዳዎች የነበሩት፣ በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ መልካሙ ዘመን ነው። የኢንቴል ፔንቲየም፣ የኤ.ኤም.ዲ. ኬ6 እና የሳይሪክስ 6x86 ሁሉም በአንድ ሶኬት ይገቡ ነበር፤ ቮልቱን በማዘርቦርዱ ላይ ባሉት ጃምፐሮች ማስተካከል ብቻ ይበቃ ነበር። ኢንቴል በ1997 ፔንቲየም 2ን ሲያወጣ ግን ሶኬቱን ትቶ ስሎት 1 ወደተባለ፣ ተወዳዳሪዎቹ ሊጠቀሙበት ወደማይችሉት መሰኪያ ተሻገረ። ኤ.ኤም.ዲ.ም በ1999 የራሱን ስሎት ኤ አወጣ። አስገራሚው ነገር፣ ስሎት ኤ በአካሉ ያው የስሎት 1 መሰኪያ ተገልብጦ የተገጠመ ነው፤ በኤሌክትሪክ በኩል ግን ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም።

ከዚያ ወዲህ የአንድ ኩባንያ ፕሮሰሰሮች እንኳ እርስ በርሳቸው መለያየት ጀመሩ። ሶኬት 370 ላይ በ2001 የወጣው ቱዋላቲን የተባለው ፔንቲየም 3፣ ፒኖቹ 370 ሆነው ሳለ፣ ከእርሱ በፊት በተሠሩት ማዘርቦርዶች ላይ እንዳለ አይሠራም ነበር። በ2015 በወጣው ኤል.ጂ.ኤ. 1151 ላይም እንዲሁ ሆነ። ኢንቴል በ2017 ያወጣቸው 8ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ቁጥሩ አንድ በሆነ ሶኬት እየገቡ አዲስ ቺፕሴት ጠየቁ። ኩባንያው ምክንያቱ የኃይል አቅርቦት ነው አለ። ሆኖም አንዳንድ የሙያው አፍቃሪዎች ባዮሱን ለውጠው፣ ጥቂት መጋጠሚያዎችንም ሸፍነው፣ በአሮጌው ማዘርቦርድ ላይ አሠሯቸው። ከዚህ በመነሣት ምክንያቱ የምሕንድስና ብቻ ነበር ለማለት ይከብደኛል። በአንጻሩ የኤ.ኤም.ዲ. ኤ.ኤም.4 ከመጀመሪያው እስከ 5000ዎቹ ራይዘን ድረስ ሶኬቱን ሳይለውጥ ዘለቀ፤ እዚያም ላይ ቢሆን በአንዳንድ ቀደምት ማዘርቦርዶች ባዮሱ የሚቀመጥባት 16 ሜጋባይት የሆነች ቺፕ ጠብባ አስቸግራ ነበር።

ወደ ኤል.ጂ.ኤ. 775 እንመለስ፤ በአዳማና በዙሪያዋ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ተጥለው ከማያቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ የዚሁ ሶኬት ናቸውና። በ2004 ሲወጣ ፒኖቹን ከፕሮሰሰሩ አንሥቶ ወደ ማዘርቦርዱ አዛወራቸው። ስለዚህ ክዳኑን ከፍቶ የተወ ሰው አቧራ ያስገባል፤ አንዲት ፒን ካጣመመም የሚበላሸው ማዘርቦርዱ ነው። በዚህ አንድ ሶኬት ፔንቲየም 4፣ ፔንቲየም ዲ፣ ኮር 2 ዱዎና ኮር 2 ኳድ ይገባሉ፤ የሚፈልጉት ቮልትና የአውቶቡስ ፍጥነት ግን ይለያያል። ስለዚህ ከሶኬቱ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ቺፕሴቱ ነው፤ ከዚያም የባዮሱ እትም። የማዘርቦርዱ ስም በራሱ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ አምራቹም የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ያወጣል። ለመሥሪያ ቤት ተብለው በተሠሩ ኮምፒዩተሮች ይህ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው።

በእኛ አካባቢ ሙቀቱም ከሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። ፔንቲየም ዲ 840 የሚያወጣው ሙቀት 130 ዋት ሲሆን፣ ከእርሱ እጅግ የሚፈጥነው ኮር 2 ዱዎ ኢ6600 ግን 65 ዋት ነው። ይህ ልዩነት በአዲስ አበባ ብዙም ላይሰማ ይችላል፤ በመተሐራ ከሰዓት በኋላ፣ አቧራ በበላው ማራገቢያ ሥር ግን ኮምፒዩተሩ ውሎ በማደሩና በየሰዓቱ በመጥፋቱ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የእኔ ኮር 2 ኳድ ሁለት ዓመት በመሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በኋላ በሞጆ የሚኖር አንድ ወዳጄ ጂ31 ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ አግኝቶ ጠራኝ። በመጀመሪያ በነበረበት ደካማ ሴሌሮን ኮምፒዩተሩን አስነሥተን ባዮሱን አደስን፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩን ለወጥን። ስክሪኑም በራ። ልጆቹ የትምህርት ቤት ሥራቸውን አሁንም የሚሠሩት በእርሱ ላይ ነው።