የጐንደር ቤተ መንግሥት ፊት በርና የጃን ተከል አደባባይ

የጐንደርን ቤተ መንግሥት ለማየት የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የዐፄ ፋሲል ግንብ የትኛው እንደ ሆነ ነው። ስለ ግቢው ከተጻፉትም ድርሳናት የሚበዙት ዐይናቸውን የጣሉት በግንቦቹ ላይ እንጂ በበሮቹ ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ በዘመኑ ለነበረው ሕዝብ ቤተ መንግሥት ማለት ከሁሉ በፊት በሩ ነበረ። ባላገሩ የንጉሠ ነገሥቱን እልፍኝ ሳያይ ኖሮ ሊሞት ይችላል፤ በሩን ግን ያውቀዋል። አዋጅ የሚሰማው፥ አቤት የሚለው፥ የወንጀለኛን ቅጣት የሚያየው በበሩ ፊት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የግቢው ዋና መግቢያ የሆነውን ፊት በርን፥ ሥነ ሕንጻውንና ታሪኩን እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው ዐፄ ፋሲል (1632–1667) ጐንደርን መናገሻ ከተማ ያደረጉት በ1636 ነው። ከእርሳቸው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ፥ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ፥ ዐፄ ዳዊት፥ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው በግቢው ውስጥ የየራሳቸውን ሕንጻ ጨመሩ። ግቢውን የሚከበው ቅጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በውስጡ 70,000 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይዟል። በቅጥሩም ላይ 12 በሮች ይቈጠራሉ። ከእነዚህ ዋናው ፊት በር ነው፤ በፊቱ በተዘረጋው አደባባይ ስምም ጃን ተከል በር ይባላል።

የበሩ አሠራር ከግንቦቹ አሠራር የተለየ አይደለም። ድንጋዩ ከአገሩ የሚወጣ ጥቁር ድንጋይ፥ ማያያዣው ኖራ፥ የመግቢያው አናት ደግሞ ቅስት ነው። በጐንደር ሕንጻዎች ቅስቱን ለመክፈፍ ቀላ ያለ ድንጋይ መጠቀም የተለመደ ስለ ሆነ፥ ጌጡ ከቀለማት ልዩነት የሚገኝ እንጂ ከተቀረጸ ምስል የሚገኝ አይደለም። በኖራ መገንባት የተስፋፋው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ በሥራው የአገር ተወላጆችም የውጭ አገር ጠቢባንም ተካፍለውበታል። በ1648 ወደ ጐንደር የመጣው የየመን መልእክተኛ አል ሀይሚ የዐፄ ፋሲልን ግንብ የሠራው ሕንዳዊ ግንበኛ እንደ ሆነ ጽፏል። ከዚህም የተነሣ ሕንጻው የፖርቱጋል ነው ወይስ የሕንድ ወይስ የኢትዮጵያ እየተባለ ብዙ ተከራክረውበታል። ስለ ግንቡ የሚደረገው ክርክር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ በሩን በሚመለከት ግን ጥያቄው የድንጋዩን ጠራቢ ማወቅ ብቻ አይደለም፤ የበሩን አገልግሎት ማወቅም ነው።

የውጭ አገር ጸሐፊዎች የጐንደርን ግቢ ብዙ ጊዜ ምሽግ ብለው ይጠሩታል። ጥርስ ያለው የግንብ ጫፍና ክብ ማማ ላየ ሰው ይህ ስም የሚያስደንቅ አይሆንም። ነገር ግን የቅጥሩን ርዝመት በበሮቹ ቍጥር ብናካፍለው በያንዳንዱ 75 ሜትር አንድ በር ይደርሳል። ለጦርነት የሚሠራ ቅጥር በተቻለ መጠን በሮቹን ያሳንሳል፤ እያንዳንዱ በር ለጠላት መግቢያ ነውና። እርግጥ በ1732 ዐመፀኞች ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊንና እናታቸውን እቴጌ ምንትዋብን በግቢው ውስጥ ከበዋቸው ሳለ ቅጥሩ ጠቅሟል። ነገር ግን ከበባውን የሰበረው የቅጥሩ ጥንካሬ ሳይሆን ከውጭ የደረሰው የረዳት ጦር ነበረ። እንግዲህ 12 በር ያለው አጥር በመጀመሪያ የታሰበው ሰውን ለመከልከል ሳይሆን ሰውን በየማዕርጉና በየሥራው ለይቶ ለማስገባት ነው ማለት ይቻላል።

የበሮቹ ስሞችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ወንበር በር የዳኞች ነው፤ «ወንበር» በቀድሞው አነጋገር መቀመጫውንም በላዩ የተሠየመውንም ዳኛ ያመለክታልና። ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ፥ ራስ በር የራሱ፥ እንቢልታ በር የእንቢልታ ነፊዎች፥ አደናግር በር የፈታዮች በር ነበረ። ተዝካሮ በር ለሙታን መታሰቢያ፥ እልፍኝ በር ለንጉሡ የግል መኖሪያ፥ ግምጃ ቤት በር ወደ ግምጃ ቤት ማርያም ለመሄጃ ያገለግሉ ነበር። የስሞቹን ዝርዝር የሚያነብ ሰው የቤተ መንግሥቱን ሥርዐት እንደ መዝገብ ያገኘዋል። ከሹሙ እስከ ፈታይዋ ድረስ ሁሉም የሚገባበት በር ነበረው። ሹመትም ሙያም የሌለው ሕዝብ የሚቆመው ግን በፊት በር አደባባይ ላይ ነው።

ይህ ሥርዐት በጐንደር የተጀመረ አይደለም። ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ በነበረበት ዘመን ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሰፈሩ የሚተከልበትን ሥርዐት ጽፎልናል። የንጉሡ ድንኳን ከሁሉ ከፍ ባለው ቦታ ይተከላል፤ በፊቱ ሰፊ ሜዳ ይተዋል፤ የዳኝነት ድንኳንም በዚያው ይቆማል፤ በሰንሰለት የታሰሩ አንበሶችም ከንጉሡ ሰፈር ጋር ይጓዛሉ። በዳኝነቱ ድንኳን ወንበሮች ለክብር ይደረደሩ እንጂ ዳኞቹ በመሬት ይቀመጡ እንደ ነበር አልቫሬዝ ይናገራል። ስለዚህ በጐንደር የሆነው ነገር ሸራውና መጋረጃው ወደ ድንጋይና ኖራ መለወጡ ነው። የድንኳኑ ፊት የነበረው ሜዳ ጃን ተከል ሆነ። አደባባዩ በከተማው ሕይወት የነበረውን ክብር ለማወቅ አደባባይ ኢየሱስና አደባባይ ተክለ ሃይማኖት የተባሉትን ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ስም መጥቀስ ይበቃል።

«ጃን» የሚለው ቃል የንጉሥን ግርማ የሚያመለክት መሆኑ «ጃን ሆይ» ከሚለው አጠራር ይታወቃል። ይህ ጩኸት በግቢው በር ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበር ከየካቲት 1770 ጀምሮ በጐንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጽፏል። እንደ ብሩስ አነጋገር ከየአውራጃው የመጡ ተበዳዮች ከጧት ጀምሮ በቤተ መንግሥቱ ፊት እየቆሙ እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ፍርድ ይለምኑ ነበር። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲዘጋና ባላገር ሲጠፋ ደግሞ እንደ ተበዳይ የሚጮኹ ሰዎች በደመወዝ ይቀጠሩ ነበር ይላል፤ ምክንያቱም ንጉሡ በዝምታ ብዛት ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ነው። ብሩስ ይህን የጻፈው እንደሚያስገርም ልማድ አድርጎ ነው። ለባህል መርማሪ ግን ነገሩ ጥልቅ ነው፤ የተበዳይ ድምፅ የማይሰማበት በር የንጉሥ በር ሆኖ አይቈጠርም ነበር ማለት ነውና።

ቋንቋችንም ይህንኑ አስተሳሰብ ጠብቆ አቆይቶታል። ሹመት ወይም ርስት የሚፈልግ ሰው «ደጅ ይጠናል»፤ የጦር ሹሙ «ደጃዝማች»፥ የደጅ አዝማች፥ ይባላል፤ ወደ ንጉሡ የሚገቡትን የሚያስተናብረው አጋፋሪ፥ የውስጡን የሚጠብቀው እልፍኝ አስከልካይ ነው። «አቤቱታ» የተባለው ቃል ራሱ «አቤት» ከሚለው የደጅ ጩኸት የወጣ ነው። በሌላም አገር ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን፤ በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ጉዳዩን የሚፈጽመው በከተማው በር በሽማግሌዎች ፊት ነው፤ የዑስማን ቱርኮች መንግሥትም «ከፍተኛው በር» ተብሎ ይጠራ ነበር።

ይሁን እንጂ ፊት በር የምሕረት በር ብቻ አልነበረም። ብሩስ በአደባባዩ ዛፍ ላይ ስለ ተሰቀሉ ሰዎች፥ ሳይቀበሩ ስለ ቀሩ ሬሳዎችና ሌሊት ስለሚመጡ ጅቦች የጻፈውን ማለፍ ለታሪክ ታማኝ አለመሆን ነው። አቤት የሚባልበትና የሚሰቀልበት ቦታ አንድ መሆኑ የዳኝነት ሥልጣን በሙሉ ከአንድ ሰው እጅ እንደሚወጣ ለሕዝቡ በግልጥ ያሳይ ነበር።

ይህ ሥልጣን ሲደክም በሩም ትርጉሙን አጣ። በ1769 ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ከተገደሉ በኋላ ነገሥታቱ በመሳፍንት እጅ የሚሾሙና የሚሻሩ ሆኑ። ደጅ ጠኚውም የየጁ ራሶች ወደ ተቀመጡበት ወደ ደብረ ታቦር ዞረ። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጐንደርን ያዩት ሳሙኤል ጎባትና ኤድዋርድ ሩፔል ንጉሡ በፈራረሱ ግንቦች መካከል በድኽነት ይኖሩ እንደ ነበር መስክረዋል። በዚያን ጊዜ ፊት በር ገና አልፈረሰም ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ የሚፈርድ ስላልነበረ በፊቱ የሚጮኽ ጠፋ። ከዚህ በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ የ1866 ዘረፋ፥ የመሐዲስቶች የ1888 ቃጠሎ፥ እንደዚሁም በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ግቢው የጦር መሥሪያ ቤት በመሆኑ በ1941 የደረሰበት የአየር ድብደባ ከተማውንና ሕንጻዎቹን ጐዱ። በ1979 ግቢው በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ፤ በየጊዜውም ጥገና ተደርጎለታል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የፊት በር ታላቅነት በቅስቱ ከፍታ ወይም በድንጋዩ ጌጥ የሚለካ አለመሆኑን ነው። በሩ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ በፊቱ ያለው አደባባይ ነው። ስለዚህ ጥገና የሚደረገው ለድንጋዩ ብቻ ሆኖ የአደባባዩ ስፋት ቢጠብ፥ ወይም የ12ቱ በሮች ስም ከሽማግሌዎች ጋር ቢቀበር፥ የሚቀረው ቅጥር ምሽግ ነው ለሚሉት ሰዎች እውነተኛ ምሽግ ይመስላል። የበሮቹን ስም፥ የየበሩን ባለ ሙያ ወገንና በጃን ተከል ይደረግ የነበረውን ሥርዐት ከጐንደር አረጋውያን አፍ ለቅሞ መጻፍ እንግዲህ ለወጣት መርማሪዎች የተተወ ሥራ ነው፤ ሥራውም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።